የሐኪም ድካም፦ ምልክቶቹ፣ መንስኤዎቹና ኃይልን መመለሻ መንገዶች

ሐኪም እንቅልፍ ሲያጣና ሥራ ሲበዛበት እንደማንኛውም ሰው ይደክማል። ድካሙ ግን እሱ ጋር ብቻ አይቀርም፤ ለሚያክመው ሰውም ይተርፋል። ይህ ጽሑፍ የሐኪም ድካም ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚቃለልና ታካሚዎችና ቤተሰቦች ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያብራራል።

ድካም እና የሥራ ዝለት

ተራ ድካም በቂ እንቅልፍና እረፍት ሲገኝ ይለቃል። የሥራ ዝለት ግን ከእረፍት ቀን በኋላም አይለቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይለውም። ሦስት መገለጫዎች አሉት፦

• ኃይል ተሟጦ ማለቅ
• ለሥራው ስሜት ማጣት፣ መራቅና መማረር
• «ሥራዬ ፋይዳ የለውም» የሚል ስሜት

ለምን ይከሰታል?

ዋናዎቹ መንስኤዎች ረጅም የተረኝነት ሰዓት፣ የሌሊት ሥራ፣ የታካሚ ብዛትና የባለሙያ እጥረት ናቸው። የሰውነታችን የተፈጥሮ ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ንቃትን በጣም ይቀንሳል። ሊድን የሚችል ሰው በመድኃኒት ወይም በመሣሪያ እጥረት ሲሞት ማየትም በሐኪሙ ላይ የሚከማች ሐዘን ነው።

ለታካሚ ምን ያመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ተራ የሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች አጭር ተራ ከሚሠሩት ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት እንደፈጸሙ አመልክቷል።

እኔም ኢንተርን ሳለሁ፣ ሊነጋጋ ሲል ለአንድ ሕፃን መድኃኒት ስጽፍ ነጥቧን ዘለልኳት፤ 1.5 መሆን የነበረበት 15 ሆነ። ተረኛዋ ሲስተር «ዶክተር፣ ይሄ ለሕፃን አይበዛም?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ሕፃኑ ምንም አልሆነም። መጠኑን አሳምሬ አውቀው ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልነበረኝም።

ኃይልን መመለሻ መንገዶች

• በተራ መካከል አጭር እንቅልፍ፦ 20 ደቂቃ ያህል መተኛት ንቃትን ይመልሳል። ከዚያ በላይ ከተኙ ሲነሱ ለጥቂት ጊዜ መደንዘዝ ሊኖር ይችላል።
• ቡናን በጊዜ መጠጣት፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ከተጠጣው ቡና የካፌይኑ ግማሽ ያህል ከምሽቱ 3 ሰዓትም በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ቡና እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም።
• ምግብና ውኃ፦ በባዶ ሆድ ተራ አለመግባት፣ ሌሊት ከባድና ቅባት የበዛበት ምግብ አለማብዛት።
• ከተራ በኋላ፦ መኪና ከመንዳት በፊት መተኛት ወይም ሌላ ሰው እንዲነዳ ማድረግ፤ ጨለማና ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ መተኛት።
• በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንደ ፈጣን እርምጃ ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ።
• መመርመር፦ የማይለቅ ድካም ከደም ማነስ፣ ከታይሮይድ ሕመም፣ ከስኳር ወይም ከድብርት ሊመጣ ይችላል። ሐኪምም ራሱን ከማከም ይልቅ ሌላ ሐኪም ጋር መሄድ አለበት።

የግል ጥረት ብቻውን በቂ አይደለም። ሆስፒታሎች የተራ ሰዓትን መወሰን፣ ማረፊያ ክፍል ማዘጋጀትና የታካሚ ርክክብን በጽሑፍ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው የሐኪሞች የጄኔቫ ቃል ኪዳንም ሐኪሙ የራሱን ጤና እንዲጠብቅ ይጠይቃል።

ታካሚዎችና ቤተሰቦች ምን ያድርጉ?

• የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና የማይስማማዎትን መድኃኒት ጽፈው ይያዙ፤ ተረኛው ሲቀየር ለአዲሱ በድጋሚ ይንገሩ።
• «ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው? ስንት ጊዜ ይወሰዳል?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት ወይም ንቀት አይደለም፤ የደከመ ሐኪምን ከስህተት ሊያድን ይችላል።
• ከቤተሰብዎ ሐኪም ካለ፣ ከተራ የወጣ ዕለት አስቸኳይ ላልሆነ ነገር አይቀስቅሱት። የዘመድ አዝማዱን ሁሉ የምርመራ ውጤት በስልክ እንዲያነብ አይጠብቁበት።

አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሐኪም የሆነ የቤተሰብዎ አባል ተስፋ መቁረጥ ካሳየ፣ አልኮል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ማዘውተር ከጀመረ አብረውት ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይሂዱ። ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን ብቻውን አይተዉት፤ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። «እሱ ራሱ ሐኪም ነው፣ ያውቅበታል» ብለው አይለፉት።