ሞላ ወይስ ክፊጽ?

ናሓል ሀደራ ያደግን ልጆች «ክፊጽ» የምንለውን አባቶቻችን «ሞላ» ይሉታል። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽም እንደዚያው። ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሲይዝ በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር የመኪና መንገድ ሠራ፤ ተሸንፎ ሲወጣ የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። እዚህም ያው ነው፤ እንግሊዞች በ1948 ሄዱ፣ መካኒኩ ግን ዛሬም «ብሬክስ» ይላል። የፊቱን አክስል ደግሞ «ቤክአክስ ኪድሚ» ይሉታል፤ «የፊት የኋላ አክስል» ማለት እኮ ነው!

ሥራው ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ሞተር ወርዶ ሲታደስ የቫልቮላ ሞላዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከሌሎቹ ያጠረው ደክሟል፣ ይቀየራል። ካልተቀየረ ሞተሩ ሲፈጥን ቫልቮላው በጊዜ አይዘጋም፣ ፒስተን ሊመታው ይችላል። ይህን በእጃቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና አብረውን አሉ። ቃላቸውን በአማርኛና በዕብራይስጥ መጻፍ ጀምረናል፤ የመጀመሪያው «ሞላ» ነው።