ሌንስ በምን ይመዘናል?

አንድ የካሜራ ሌንስ ከሌላው ይበልጣል ሲባል ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት መስመር ለይቶ ያሳያል? የሌንስ አመዛዘን ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። በየዘመኑ «ጥሩ» የተባለው ሌንስ የዘመኑ መለኪያ ሊያየው የቻለውን ነገር አሳምሮ የሠራ ሌንስ ነበር። መለኪያው ያላየው ጉድለት ለብዙ ዓመታት ተሸፍኖ ኖሯል፤ ያላየው ብልጫም እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ተጥሏል። ስለዚህ የሌንስን ታሪክ ሲጽፉ ሰሪዎቹን ብቻ ማንሳት ግማሹን መተው ነው። መዛኞቹም የእነሱን ያህል መስታወቱን ቀርፀውታል።

ዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሲያደርግ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነበረው ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን እጅግ ትንሽ ስለነበር በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሥዕል ለማንሳት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሰው ያን ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ፍጥነት ነበር። የቪየናው የሒሳብ ፕሮፌሰር ዮዜፍ ፔትስቫል ስሌት የሚችሉ የመድፈኛ ወታደሮች ተመድበውለት በ1840 የነደፈውና የፎይክትሌንደር ኩባንያ ሠርቶ የሸጠው ሌንስ ከቀድሞው ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን አስገባ። መሐሉ ጥርት ያለ፣ ዳር ዳሩ ግን የደበዘዘ ነበር። የሰው ፊት የሚቀመጠው መሐል ላይ ስለሆነ ማንም ይህን እንደ ነውር አላየበትም። ያው ሌንስ ሕንፃ ለማንሳት ወይም ካርታ ለመገልበጥ ሲሞከር ግን ዋጋ አጣ። መስታወቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። በ1866 ለንደን ላይ ዳልማየር፣ ሙኒክ ላይ ሽታይንሃይል፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ ተመሳሳይ ሌንስ ይዘው የወጡት ለዚሁ አዲስ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሥዕሉም ላይ ቀጥ እንዲል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዛኙ ዓይን ብቻ ነበር፤ ዓይን ደግሞ በካሜራው ውስጥ ምስሉን እንደሚቀበለው ሳህን አያይም። ፎቶ አንሺው በካሜራው ጀርባ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ምስሉን አስተካክሎ ሳህኑን ያስገባል፤ ሳህኑ ታጥቦ ሲወጣ ምስሉ ፈዝዞ ያገኘዋል። ምክንያቱ ሳህኑ በዋነኝነት የሚቀበለው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን መሆኑና ብዙዎቹ ሌንሶች ያን ብርሃን የሚሰበስቡት ለዓይን ከሚታየው ብርሃን በተለየ ርቀት ላይ መሆኑ ነበር። ለንደን ላይ የሚሠራው ፎቶ አንሺ አንትዋን ክሎዴ ቁጥር የተጻፈባቸውን ቁራጭ ካርቶኖች እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ እያንዳንዱን በተለያየ ርቀት አቁሞ ያነሳቸው ነበር። ያስተካከለበት ቁጥር አንዱ ሆኖ ሳህኑ ላይ የጠራው ሌላው ከሆነ ሌንሱ ተጋለጠ ማለት ነው። ይህ ቀላል መሣሪያ ትልቅ ፍርድ ይዟል፤ የሌንሱ ፈራጅ ተመልካቹ ሳይሆን ሥዕሉን የሚቀበለው ነገር መሆን አለበት።

የመለካትን ነገር ያነሳሁት ለማንኳሰስ አይደለም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ የኪው ኦብዘርቫቶሪ ሌንስ እየመረመረ የምስክር ወረቀት መስጠት ሲጀምር ገዢው ከሻጩ ወሬ ነፃ ወጣ። የምርመራውን ዘዴ ያወጣው የቻርልስ ዳርዊን ልጅ፣ የመሐንዲስ ጦር መኮንኑ ሌናርድ ዳርዊን ነው። በዚሁ ጊዜ የዬና ከተማ አዲስ መስታወት እያቀረበች ነበር። ኤርንስት አቤና ኦቶ ሾት በ1884 ያቋቋሙት ቤተ ሙከራ ያቀለጠው መስታወት በ1890 ፓውል ሩዶልፍ ለዛይስ ኩባንያ አናስቲግማት የተባለውን ሌንስ እንዲነድፍ አስቻለው፤ ጥራት ከመሐል እስከ ዳር መዝለቅ ጀመረ።

ነገር ግን በዚያ ዘመን በደንብ ያልተመዘነ አንድ ነገር ነበር፤ መስታወቱ የሚመልሰው ብርሃን። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ይመልሳል። ሩዶልፍ በ1896 የነደፈው ፕላናር አየር የሚነኩ ስምንት ገጾች ስለነበሩት ከሚገባው ብርሃን ከሩብ በላዩ ይመለስ ነበር፤ ከዚያም ከፊሉ በመስታወቶቹ መካከል ተንከራትቶ እንደ ጭጋግ ምስሉ ላይ ይሰራጫል። ባለ ስድስት ገጹ የ1902 ሌንስ ቴሳር በጥቁርና ነጭ ልዩነት በለጠውና ገበያውን ወሰደ። የሚገርመው፣ በዚያው በ1896 ዴኒስ ቴይለር የተባለው እንግሊዛዊ የሌንስ ነዳፊ ያስተዋለው ነገር ነው። በዕድሜ ብዛት ገጹ የወየበ ሌንስ ከአዲሱ የበለጠ ብርሃን ያሳልፋል! የወየበው ስስ ሽፋን ነጸብራቁን ይቀንሳል። በዓይን ሲታይ የተበላሸ የመሰለው ሌንስ ነው የተሻለው። ይህ ዕውቀት የፋብሪካ ሥራ የሆነው ግን የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 የሽፋን አቀባቡን ከፈለሰፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ፕላናርን የመሰሉ ብዙ ገጽ ያላቸው ሌንሶች እንደገና ተፈላጊ ሆኑ።

መስመር መቁጠር ደንብ ሆኖ የጸናው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የ1951 ሰሌዳ ሦስት ሦስት ጥቁር ዘንጎች በቁምና በአግድም የተሳሉበት ነው፤ በየደረጃው 11 በመቶ ገደማ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። መርማሪው ፎቶውን በአጉሊ መነጽር ያይና ሦስቱ ዘንጎች ተለይተው የሚታዩበትን የመጨረሻ ደረጃ ይመዘግባል። ችግሩ ያ የመጨረሻ ደረጃ የሚነግረን ዘንጎቹ ሊጠፉ ሲቃረቡ የሆነውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም ግራጫ ሆኖ ልዩነታቸው ለጥቂት ሲተርፍ። ከዚያ በፊት ባሉት ወፈር ያሉ ዘንጎች ላይ ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር እንደነበር አይነግረንም፤ የሰው ዓይን ሥዕልን «ጥርት ያለ» የሚለው ግን በአብዛኛው በዚህ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሚሼል ዱፊዩ በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ የሒሳብ መሠረት ጣለ። በአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ የሚሠራው ኦቶ ሻዴ ደግሞ ከቴሌቪዥን ተነስቶ እዚያው ደረሰ። የቴሌቪዥን መስኮት እጅግ ቀጭን መስመር ማሳየት ስለማይችል ብዙ መስመር የሚለይ ሌንስ ትርፉን እዚያ አያገኝም፤ በወፍራሙ መስመር ላይ ጥቁርና ነጭን አጥብቆ የሚይዘው ግን ያሸንፋል። በየመስመሩ ውፍረት ከጥቁርና ነጭ ልዩነት ምን ያህሉ እንደተረፈ የሚያሳየው፣ ዛሬ ኤም ቲ ኤፍ የሚባለው ግራፍ የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው።

«እንግዲህ ሁሉም መለኪያ ጎዶሎ ከሆነ ለስምና ለጣዕም እንተወው» የሚል ይኖራል። አልስማማም። በ1950 የላይፍ መጽሔቱ ፎቶ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንካን ቶኪዮ ላይ ኒኮር የተባሉትን የኒፖን ኮጋኩ ኩባንያ ሌንሶች ከያዛቸው የጀርመን ሌንሶች ጋር አወዳደረ፤ ከዚያም የኮሪያን ጦርነት በእነዚሁ የጃፓን ሌንሶች አነሳ። የአሜሪካ ጋዜጣ ጉዳዩን እስኪዘግበው ድረስ የጃፓን ሌንስ በምዕራቡ ገበያ ስም አልነበረውም። ለስም ቢተው ኖሮ ኒኮር ገና ሳይታይ ተፈርዶበት ይቀር ነበር። ሌላው ተቃውሞ ከሥነ ጥበብ በኩል የሚመጣ ነው። በ1890ዎቹ ዳልማየርና በርግሃይም ሆን ብለው የሚያለሰልስ ሌንስ አውጥተዋል፤ የቁም ሥዕል አንሺዎችም ወደውታል። ይህ ለእኔ መለካትን አያፈርስም። ልስላሴውም የሚለካ ነገር ነው፤ ለምን ሥራ እንደተፈለገ ግን አስቀድሞ መነገር አለበት።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ግራፉን ራሱን የሚመለከት ነው። ኤም ቲ ኤፍ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ሌንሱ ምን እንደሚሆን አያሳይም፤ የቀለሙን ጠባይም አይናገርም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሁሉም ግራፍ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ዛይስ ከተሠራው ሌንስ ላይ ለክቶ ሲያትም፣ ሌሎች ኩባንያዎች ከንድፉ በስሌት ያወጡትን ያትማሉ። በስሌት የወጣው ሌንስ አንዱ መስታወቱ አልተዛነፈም፤ አልተገጣጠመምና። ዛይስ 10፣ 20 እና 40 የመስመር ጥንድ በሚሊ ሜትር ሲያሳይ ካኖን የሚያሳየው 10 እና 30ን ነው። እንግዲህ የዛይስን የ40 መስመር ከካኖን የ30 መስመር ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የዛይሱ ዝቅ አለ ማለት የተሳሳተ ፍርድ ነው፤ ቀጭኑ መስመር በማንኛውም ሌንስ ላይ ከወፍራሙ ዝቅ ማለቱ አይቀርምና። የሁለቱን ሌንሶች ልዩነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ የብርሃን ቀዳዳ፣ በአንድ የመስመር ውፍረት ማስለካት፣ ቢቻል ደግሞ ከእያንዳንዱ ሞዴል ከአንድ በላይ ማስለካት ይኖርበታል።