በሕመምና በቅሬታ ምክንያት ከሚደረግ የሥራ ስንብት ጥበቃ (ኢትዮጵያ)

በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኛ ታሞ በመቅረቱ ወይም በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ እንዳይሰናበት የሚጠብቀው ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሁለቱንም ጥበቃዎች እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 158ኛው ስምምነትም ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃዋለች።

አዋጁ ግን ሁለቱን እኩል አይጠብቅም። ቅሬታ ማቅረብ ወይም በአሠሪው ላይ በተከፈተ ክስ ተካፋይ መሆን በአንቀጽ 26(2) ለስንብት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ተዘርዝሯል። በዚህ ምክንያት የተሰናበተን ሠራተኛ አሠሪው ወደ ሥራው የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ካሳ ተቀብሎ መልቀቅ የሠራተኛው ምርጫ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የስንብት ደብዳቤው ላይ ቅሬታውን በምክንያትነት የሚጽፍ አሠሪ ማግኘት ያዳግታል፤ የሚጻፈው ማርፈድ፣ መቅረት ወይም የሥራ ድክመት ነው። ስለዚህ ቅሬታው በጽሑፍ መቅረቡና ቅጂው በሠራተኛው እጅ መቆየቱ ትልቅ ዋጋ አለው። አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትበትን ጥፋት ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ፣ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ቅሬታ ሲቀርብ የቆየ ጥፋት ቆፍሮ ማውጣትን የሚከላከለው ይህ ገደብ ነው፤ የሚገባውን ያህል ግን አይነገርለትም።

ሕመም በአንቀጽ 26(2) ዝርዝር ውስጥ በስሙ አልተጠቀሰም። ጥበቃው የሚመነጨው ከሕመም ፈቃድ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ሠራተኛው መታመሙን፣ አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ በቀረ ማግስት ማሳወቅና በመንግሥት ዕውቅና ካለው ተቋም የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ወረቀቱ ከሌለ ቀኖቹ እንደ መቅረት ይቆጠራሉ፤ በ6 ወር ውስጥ፣ ስለ መቅረቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ፣ በድምሩ 5 የሥራ ቀናት መቅረት ደግሞ ያለ ስንብት ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። ሠራተኛው በጤና ችግር ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ ግን ውሉ ሊቋረጥ ይችላል፤ ያም የሚሆነው በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከሕመም ፈቃድ ጋር የተያያዘ ስንብት ሕገ ወጥ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ከመመለስ ይልቅ ካሳ ሊወስን ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ የካሳው መጠን የአማካይ ቀን ደመወዝ 180 እጥፍ ሲሆን የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ ይታከልበታል።

የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀናት ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ የታመመ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ስለማያገኝ አዋጁ ከሚሸፍናቸው ሁሉ ይበልጥ የተጋለጠው እሱ ነው። የቤት ሠራተኞች ከነጭራሹ ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ ከጥበቃ የራቁት ጥበቃ አጥብቀው የሚሹት መሆናቸው የሕጉ ከባድ ጉድለት ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።