ወረታና የፎገራ ሜዳ፦ ውሃ የሚተኛበት መሬት የሩዝ አገር የሆነበት ታሪክ

የወረታ ከተማ በደቡብ ጎንደር ዞን የፎገራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚያቀናው፣ በቻይናውያን ባለሙያዎች እገዛ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተጠናቀቀው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚሁ ነው። በዚህም የተነሳ ወረታ የደጋውና የሜዳው ምርት የሚገናኝባት የገበያ ቦታ ሆናለች።

ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው ለጥ ያለ ሜዳ የፎገራ ሜዳ ይባላል። ከጉና ተራራ የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ደለል ተሸክመው ወደዚህ ይወርዳሉ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ በመሆኑ ውሃውን ቶሎ አያሰርግም። ስለዚህ በቀደመው ዘመን አብዛኛው ረግረግ ለግጦሽ የተተወ ነበር። በወተትና በሥጋ የታወቀው የፎገራ ከብት የተገኘውም ከዚህ ሜዳ ነው። አርሶ አደሩ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ በክረምት ግን መሬቱ ለአዝመራ አይመችም ነበር።

ይህን የለወጠው ሩዝ ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግና እና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ ተሞከረ። እስከ ዛሬ ኤክስ ጅግና የሚባለው ነጭ ሩዝ ስሙን ያገኘው ከአንዱ ማኅበር ነው።

የዚያ ዘመን የአምራቾች ማኅበራት ግን በአርሶ አደሩ ሙሉ ፈቃድ የቆሙ አልነበሩም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በየቦታው ፈረሱ፤ መሬቱና በሬው ለየአባወራው ተከፋፈለ። ማኅበሩ ቢፈርስም ዘሩ አልጠፋም። ጥቅሙን ያየ አርሶ አደር በራሱ ማሳ ዘራው፣ ለጎረቤቱም አካፈለ። የግብርና ባለሙያዎችም ተጨምረውበት በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ተስፋፋ። ውሃ የሚተኛበት ያ መሬት ተፈላጊ ሆነ። በአዲሱ ሚሊኒየም ዋዜማና ማግስት ሩዝ በአገር ደረጃ “የሚሊኒየም ሰብል” ተባለ፤ ፎገራም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ጭዱም ለከብት መኖ ይውላል።

ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ ያለ ዋጋ አልመጣም። ግጦሹ ሲታረስ የፎገራ ከብት መዋያው ጠበበ። ውሃውም ቢሆን ሁልጊዜ በልክ አይመጣም፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው የጎርፍ አደጋ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ከዓመት ዓመት ከራስ ማሳ እየተወሰደ የሚዘራው ዘርም ከሌላው ጋር እየተቀላቀለ ጥራቱ ይቀንሳል። በመኸር ወቅት ሁሉም ሩዙን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል።

እነዚህ ችግሮች አንድ አባወራ ብቻውን የሚወጣቸው አይደሉም። የተጣራ ዘር ማባዛት፣ ምርትን በመጋዘን አቆይቶ መሸጥ፣ ሩዙን ፈልፍሎ ለገበያ ማቅረብ የኅብረት ሥራ ማኅበርና የዩኒየን ሥራ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባልነትን በፈቃደኝነት ላይ ማቆሙ ለዚህ ትልቅ መሠረት ሆኗል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። የፎገራ ሜዳ ታሪክ በዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ይጨምራል፦ ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳውም ወደው ሲይዙት ነው። በትእዛዝ የቆመው ማኅበር ፈርሷል፤ አርሶ አደሩ አምኖበት የያዘው ዘር ግን እስከ ዛሬ ይበቅላል። የዩኒየኑ አባላትና የወረዳው አመራሮች ለሚቀጥሉት ዓመታት ሲያቅዱ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።