የኦብጀክት አሬይን በሁለት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች መካከል ማስተላለፍ

የኦብጀክት አሬይ ማስተላለፍ የሚባለው፣ ፕሮግራም አዘጋጁ በራሱ ክላስ የቀረጻቸውን ኦብጀክቶች ደርድሮ በሌላ ቋንቋ ለተጻፈ ኮድ የሚያስረክብበት አሠራር ነው። በብዛት የሚያጋጥመው በጃቫ፣ በሲሻርፕ ወይም በፓይተን የተጻፈ ሥራ ከባዱን ስሌት በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ለተሠራ ላይብረሪ ሲተው ነው። ጀማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁት «በየትኛው ፋንክሽን ልጥራው?» ብለው ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ክላስ የአንድ ቋንቋ ውል ነው፤ ከዚያ ቋንቋ ውጭ የሚያውቀው የለም። ድንበሩን የሚሻገረው ባይት ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት የባይት አቀማመጥ ነው።

የጃቫና የሲ ጉርብትና ነገሩን አጉልቶ ያሳያል። አንድ የካርታ ነጥብ ባለ 4 ባይት መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው 8 ባይት የሆኑ ኬክሮስና ኬንትሮስ አሉት እንበል። መረጃው 20 ባይት ነው። በሲ ስትራክት ውስጥ ግን ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ 24 ባይት ይወስዳል፤ ኮምፓይለሩ ኬክሮሱ ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲያርፍ ከመለያ ቁጥሩ ቀጥሎ 4 ባይት ባዶ ይተዋልና። በጃቫ፣ በተለመደው የሆትስፖት አሠራር፣ በ20ው ባይት ላይ የኦብጀክቱ ራስጌ 12 ባይት ሲጨመር 32 ይደርሳል። ይህም ሳያንስ፣ የሲ አሬይ ነጥቦቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የጃቫው አሬይ የሚይዘው መጠቆሚያቸውን ነው። ነጥቦቹ በሜሞሪ ውስጥ በየቦታው ተበትነው ይኖራሉ፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩም በመሐል ቦታቸውን ሊቀይር ይችላል። በሲሻርፕም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፦ በስትራክት ውስጥ ያለ ቡል ወደ ውጭ ሲተላለፍ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ፣ 4 ባይት ይሆናል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ በኩል የሚጠብቀው ቡል ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ባይት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልድ ተዛንፎ ሊነበብ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ከጄዲኬ 1.1 ጋር የወጣው፣ ጃቫን ከሲ ኮድ ጋር የሚያገናኘው ጄኤንአይ ራሱ ለዚህ ልዩነት ምስክር ነው። የቁጥር አሬይን በአንድ ጥሪ የሚገለብጡ ፋንክሽኖች አሉት፤ የኦብጀክት አሬይን ግን አንድ በአንድ ከማውጣት በቀር መንገድ አይሰጥም። ኦብጀክቱን ለማውጣት 1 ጥሪ፣ ሦስቱን ፊልዶች ለማንበብ 3፣ ሪፈረንሱን ለመልቀቅ 1፣ በድምሩ 5 ነው፤ ነጥቦቹ 1 ሚሊዮን ከሆኑ 5 ሚሊዮን ጥሪ። ያንኑ መረጃ በሦስት የቁጥር አሬይ ከፍሎ የያዘ ፕሮግራም በ3 ጥሪ ይጨርሳል። ሪፈረንስ መልቀቅን የዘነጋም ይቀጣል፦ ጄኤንአይ በቅድሚያ ዋስትና የሚሰጠው ለ16 ሎካል ሪፈረንስ ብቻ ስለሆነ፣ በአሥር ነጥብ ተሞክሮ ያለፈ ኮድ በሚሊዮን ነጥብ ሊወድቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ከጃቫ 1.4 ጋር የመጣው ዳይሬክት ባይት በፈር ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ የሜሞሪ ቦታ ላይ ያገናኛል። እዚህም ስምምነት ካልቀደመ መከራ አለ። በፈሩ ካልተነገረው በቀር ቁጥርን ከትልቁ ባይት ጀምሮ ይጽፋል፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ ከትንሹ ጀምሮ ያነባል። ጃቫ 1 ብሎ የጻፈውን ሲ 16,777,216 ብሎ ያነበዋል፤ ፕሮግራሙም ምንም ስህተት ሳያሳይ ይቀጥላል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጄሰን አለ፣ ፕሮቶኮል በፈርስ አለ» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሁለቱ ፕሮግራሞች በተለያየ ማሽን ላይ ካሉ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ኦብጀክቶቹ ጥቂት መቶ ከሆኑም ቀላሉን መንገድ መምረጥ ብልህነት ነው። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሚሊዮኖችን ለማስረከብ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ጽፎ እንደገና መተርጎም፣ በአንድ ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ዕቃ ለማዛወር በፖስታ ቤት እንደመላክ ነው። ሌሎች ደግሞ አቀማመጡን መግለጥ የክላሱን ምስጢር ያፈርሳል ይላሉ። የክላሱ ሜተዶች ግን ቀድሞውንም አይሻገሩም፤ የሚገለጠው ለማስረከብ የተዘጋጀው ቅጂ እንጂ የውስጥ አሠራሩ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጽሑፍ ነው፤ ስም ቋሚ ርዝመት የለውምና። ለእኛ ፊደል ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፦ «አዲስ አበባ» ከነክፍተቱ በጃቫ ዩቲኤፍ-16 14 ባይት ሲሆን በዩቲኤፍ-8 19 ባይት ነው፤ የባይትን ቁጥር በፊደል ቁጥር የሚገምት ኮድ ስሙን ከመሐል ይቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአፓቺ ፕሮጀክት የሆነው የመረጃ አቀማመጥ መስፈርት፣ አሮው፣ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። ጽሑፎቹን ሁሉ በአንድ በፈር አከታትሎ ያስቀምጥና፣ እያንዳንዱ ከየትኛው ባይት እንደሚጀምር በሌላ የቁጥር አሬይ ይመዘግባል። ስለዚህ ተለዋዋጭ ርዝመትም በቁጥር አሬይ ይገለጻል ማለት ነው።

ከአቀማመጡ ሌላ መወሰን ያለበት ሜሞሪውን የሚለቀው ወገን ነው። አሮው በቋንቋዎች መካከል ለሚደረግ ርክክብ ባወጣው የሲ ውል ውስጥ፣ መረጃውን ያዘጋጀው ወገን ሜሞሪው የሚለቀቅበትን ፋንክሽን አብሮ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ሲጨርስ ያንን ይጠራል እንጂ በራሱ መንገድ አይለቅም። ፋንክሽኑ ባይኖር ሜሞሪው ወይ ሁለት ጊዜ ይለቀቃል፣ ወይ ጨርሶ ሳይለቀቅ ይቀራል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የእያንዳንዱን ፊልድ መጠን፣ የባይቱን ቅደም ተከተልና ሜሞሪውን የሚለቀውን ወገን በጽሑፍ ሳታሰፍር የመጀመሪያውን ጥሪ አትጻፍ።