የኃይሌ ገብረሥላሴና የፖል ቴርጋት ፉክክር

የኃይሌ ገብረሥላሴና የፖል ቴርጋት ፉክክር በኢትዮጵያዊውና በኬንያዊው የረጅም ርቀት ሯጮች መካከል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀ የስፖርት ፉክክር ነው። ሁለቱ በ10,000 ሜትር በሁለት ኦሊምፒኮችና በሦስት የዓለም ሻምፒዮናዎች ተገናኝተው አምስቱንም ጊዜ ያሸነፈው ኃይሌ ነው። ቴርጋት የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን እስከ መስበር የደረሰ ሯጭ ቢሆንም፣ በመም ውድድር የኦሊምፒክም ሆነ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ሳያገኝ ቀርቷል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ ሯጮች ጥንካሬ

ቴርጋት በ1969 በኬንያ ባሪንጎ፣ ኃይሌ በ1973 በአርሲ አሰላ አካባቢ ተወለዱ። ኃይሌ በልጅነቱ ከቤቱ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ደብተር ይዞ መሮጥን ከመልመዱ የተነሳ ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ የመሮጥ ልማድ አብሮት ቆይቷል።

ቴርጋት ጎልቶ የታወቀው በአገር አቋራጭ ነው። ከ1995 እስከ 1999 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፏል። ኃይሌ በበኩሉ ይህን ሻምፒዮና በአዋቂዎች ደረጃ አሸንፎ አያውቅም።

10,000 ሜትር በመም ላይ 25 ዙር ነው። በሻምፒዮና ውድድር አሯሯጭ ስለማይመደብ፣ ሯጮች ብዙ ጊዜ ተጠባብቀው ይሮጡና ውጤቱ በመጨረሻው ዙር ይወሰናል። ኃይሌ በአጨራረስ ብቃቱ ተወዳዳሪ ስላልነበረው ይህ አካሄድ ይመቸው ነበር። ቴርጋት ለማሸነፍ የነበረው አማራጭ ወይ ቀድሞ ፍጥነት በመጨመር ኃይሌን ማድከም፣ ወይ ሳይጠበቅ አፈትልኮ መውጣት ነበር። ሁለቱንም ሞክሯል።

ከጎተንበርግ እስከ ሴቪያ

በ1995 የጎተንበርግ የዓለም ሻምፒዮና ኃይሌ ወርቅ፣ ቴርጋት ነሐስ አገኙ። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ07.34 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲያሸንፍ፣ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ08.17 ሰከንድ ሁለተኛ ሆነ። የአትላንታው መም ጠንካራ በመሆኑ ኃይሌ እግሩ ተጎድቶ ከ5,000 ሜትር ውድድር ራሱን አገለለ። በ1997 በአቴንስና በ1999 በሴቪያ በተካሄዱት የዓለም ሻምፒዮናዎችም ኃይሌ አንደኛ፣ ቴርጋት ሁለተኛ ወጡ።

በክብረ ወሰን ረገድ ግን ፉክክሩ የአንድ ወገን አልነበረም። በ1997 ኃይሌ በኦስሎ 26 ደቂቃ ከ31.32 ሰከንድ ሲሮጥ፣ ቴርጋት በዚያው ክረምት በብራስልስ ሰዓቱን ወደ 26 ደቂቃ ከ27.85 ሰከንድ አወረደው። ኃይሌ በ1998 በሄንግሎ በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ክብረ ወሰኑን አስመለሰ።

የሲድኒ ፍጻሜ

በጣም የሚታወሰው ግንኙነታቸው መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የተካሄደው ፍጻሜ ነው። ኃይሌ ወደ ሲድኒ የሄደው በቋንጃ ጅማቱ ላይ ከባድ ጉዳት ይዞ ሲሆን፣ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ቴርጋት የመጨረሻው ዙር ከተጀመረ በኋላ፣ 250 ሜትር ገደማ ሲቀረው በድንገት ፈትለክ ብሎ ወጣ። ኃይሌ ልዩነቱን ቀስ በቀስ አጥብቦ የደረሰበት በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ነው፤ ያለፈውም ከማብቂያው መስመር ጥቂት እርምጃ ብቻ ሲቀር ነበር። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። ነሐሱን ኢትዮጵያዊው አሰፋ መዝገቡ ወሰደ።

ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ሰከንድ ስለነበር፣ የ25 ዙሩ ሩጫ ከአጭሩ ሩጫ በጠበበ ልዩነት ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ወደ ማራቶን

ከሲድኒ በኋላ ቴርጋት ወደ ማራቶን ፊቱን አዞረ። በ2002 በለንደን ማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ ኃይሌ ሦስተኛ ሆነ። በ2003 በበርሊን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2005 ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈ። የቴርጋትን የማራቶን ክብረ ወሰን የሰበረው ኃይሌ ነው። ይህንንም ያደረገው በ2007 በዚያው በበርሊን፣ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነበር። በዓመቱ ሰዓቱን ወደ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አሻሻለው።

ሁለቱ ከሩጫ በኋላም በስፖርት አመራር ሠርተዋል። ኃይሌ በ2016 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፣ ቴርጋት በ2017 የኬንያ ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠዋል።