የኮዝቢ ዶሮዎች

እህቶቼ፣ አገር ቤት ዶሮ ያረባች ሁሉ ይህን ታውቃለች፦ ጭልፊት ሲያንዣብብ ዶሮ ጫጩቶቿን ጠርታ የምትገባበት ትፈልጋለች። የምትገባበት ብታጣስ?

አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ከተማ አጠገብ ቶማስ ሊ ኮዝቢና ባለቤቱ ከአንድ ሄክታር ትንሽ በሚበልጥ መሬት ላይ ዶሮ እያረቡ ይኖሩ ነበር። ጎረቤታቸው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት ማረፊያውን ለጦር አውሮፕላኖቹ ተከራየው። ከዚያ ወዲያ ቦምብ ጣዩም ተዋጊውም በነሱ ጣራ ላይ ሆነ መንገዱ። ከጣራው እስከ አውሮፕላኑ 20 ሜትር ገደማ፣ ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ ደግሞ አምስት ሜትር ተኩል ብቻ! ሌሊት መብራቱ ግቢውን ቀን ያስመስለዋል።

ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ተላተሙ። በአንድ ቀን ከ6 እስከ 10 የሚሞቱበት ጊዜ ነበር፤ በጠቅላላው 150 ገደማ አለቁ። የተረፉትም ምርታቸው ቀነሰ። ይሄ አይገርምም። እንቁላል ጣይ ዶሮ ስትደነግጥ የደረሰውን እንቁላል ይዛ ታቆየዋለች፣ ቅርፊቱም ይበላሻል። ትራክተርም ሆነ ጄኔሬተር ሳያቋርጥ ቢጮህ በመጠኑ ትለምደዋለች። የሚጎዳት ድንገት የሚመጣው ነው።

ባልና ሚስቱም እንቅልፍ አጡ፣ ፍርሃት ገባቸው። ታዲያ መንግሥትን ከሰሱ። እኔን የገረመኝ የሞቱት ዶሮዎች ቁጥር ፍርዱ ውስጥ መግባቱ ነው። እኛ «እንቅልፍ አጣሁ» ስንል ማን ቆጥሮልን ያውቃል?

መንግሥት ሰማዩ የሕዝብ ነው ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግንቦት 1946 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ 5 ለ 2 ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ነበሩ። የመሬት ባለቤት እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ባለቤት ነው የሚለው የጥንት ሕግ በዚህ ዘመን አይሠራም አሉ። ነገር ግን አውሮፕላን እንዲህ ዝቅ ብሎ፣ እንዲህ እየተመላለሰ የሰውን መሬት ከጥቅም ውጪ ካደረገ፣ መንግሥት ንብረት እንደ ወሰደ ይቆጠራል፤ ካሳ ይከፍላል።

የሥር ፍርድ ቤት የገመተው 2,000 ዶላር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን የተወሰደው መብት በትክክል ምን እንደሆነ ይለይ፣ ጊዜያዊ ይሁን ዘላቂ ይታወቅ ብሎ መዝገቡን መለሰው። ያኔ ኮዝቢዎቹ የዶሮ ሥራውን ከተዉት ቆይተዋል።